ከስኳር ሰልፍ ባሻገር፡ ለመሆኑ "ሸማቾች" የማን ነው?

እናቴ ባረፈች በሰባተኛው ወር ገደማ ወረቀቶቿን ስናገላብጥ፣ ከዕድር ደብተሯና ከቆዩ የመብራት ደረሰኞች መሃል በጥንቃቄ የታጠፈች አንዲት ወረቀት አገኘን። የሰፈራችን የሸማቾች ህብረት ሥራ ማህበር የሰጣት የእጣ መግዣ ደረሰኝ ነበረች። ቀለሟ ለቋል፤ ማህተሟ ግን ይነበባል። ታናሽ እህቴ "አሁን ይቺ ምን ትረባለች? ጣላት" አለችኝ። ልጥላት ነበር። ሆኖም እናቴ የማይረባ ወረቀት በዕድር ደብተሯ ውስጥ የምታስቀምጥ ሴት አልነበረችምና ኪሴ ከተትኳት።

በማግስቱ ልደታ ወደሚገኘው የማህበሩ ሱቅ ሄድኩ። በመስኮቱ ያለው ወጣት ሰላምታዬን እንኳን ሳልጨርስ "ስኳር አልገባም" አለኝ። ስኳር ፈልጌ እንዳልመጣሁ ነገርኩት። "ዘይትም የለም" አለኝ። ደረሰኟን አውጥቼ ሳሳየው ገልበጥ አድርጎ አያትና "ይሄ የጥንት ነው ጋሼ፤ ቢሮ ይጠይቁ" ብሎ መለሰልኝ። ቢሮው ዝግ ነው። በሌላ ቀን ብመለስም ዝግ ነው። በሦስተኛው ጊዜ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት የኮሚቴ አባል መዝገቡን ከመደርደሪያ አውርደው፣ አቧራውን እያራገፉ የእናቴን ስም ፈለጉ። ስሟ አለ። ከዚያም ቀና ብለው "ለመሆኑ ልጄ፣ ለምን ፈለግኸው?" ሲሉ ጠየቁኝ።

የሰጠኋቸው መልስ እኔንም አላጠገበኝም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄው ለእኔ ብቻ የቀረበ እንዳልሆነ ገባኝ። አብዛኞቻችን የአዲስ አበባ ነዋሪዎች "ሸማቾች" ሲባል የሚታየን የመንግሥት ስኳርና ዘይት የሚታደልበት መስኮት ነው። ሱቁ የማን እንደሆነ፣ ትርፉ የት እንደሚገባ፣ ጤፉን ከሚያመርተው ገበሬ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን? እኔ አልመለስኩም። ስለዚህ ታሪኩንም ሕጉንም አገላብጬ ያገኘሁትን ለአንባቢያን ላካፍል ወደድኩ።

ሸምቶ አደር

ገጠር ውስጥ "ሸምቶ አደር" የሚባል አነጋገር አለ። የራሱ ማሳ የሌለው፣ እህል በገንዘቡ ከገበያ እየገዛ የሚኖር ሰው ማለት ነው። ሲነገርም ከከንፈር መምጠጥ ጋር ነው። ጎተራው የሞላ ገበሬ የእህል ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም ልጆቹ ጾማቸውን አያድሩም። የሸምቶ አደር ኑሮ ግን በገበያው እጅ ነው። እንግዲህ በዚህ ቃል ከሄድን እኛ የከተማ ሰዎች፣ ባለመኪናውም ባለእግሩም፣ ሁላችንም ሸምቶ አደሮች ነን።

የሸማቾች ማህበር ሐሳብ የሚነሳው ከዚህ ነው። አንድ ሸምቶ አደር ብቻውን ገበያ ሲወጣ የተባለውን ከፍሎ ከመመለስ በቀር ምርጫ የለውም። አንድ ሺህ ሸምቶ አደሮች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ ሱቅ ሲከፍቱ ግን ነገሩ ይለወጣል። በጅምላ ይገዛሉ፣ ሚዛኑ የራሳቸው ነው፣ ትርፍ ቢገኝም ተመልሶ የሚመጣው ወደራሳቸው ነው።

ለዚህ በዓለም ላይ በምሳሌነት የሚጠቀሰው በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል የጨርቃ ጨርቅ ከተማ የተከፈተው ሱቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 ሃያ ስምንት ሰዎች፣ ሸማኔዎች የሚገኙባቸው፣ 28 ፓውንድ አሰባስበው ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ መሸጥ ጀመሩ። በዘመኑ ነጋዴው ዱቄቱን ከባዕድ ነገር እየቀላቀለ ሚዛኑንም እያጎደለ ይሸጥ ነበርና የእነርሱ ሱቅ ያልተቀላቀለ ዕቃ በትክክለኛ ሚዛን ለመሸጥ ቃል ገባ። አንድ ሰው ምንም ያህል ገንዘብ ቢያስገባ ድምፁ አንድ ብቻ እንዲሆን፣ ትርፉም ከሱቁ በገዙት መጠን እንዲከፋፈል ተስማሙ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ የህብረት ሥራ ማህበራት የሚመሩባቸው መርሆች ሥራቸው እዚያች ሱቅ ውስጥ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕድርና ዕቁብን፣ ደቦና ወንፈልን የሚያውቅ ሕዝብ "ተባብሮ መሥራት" ምን እንደሆነ እንዲነግረው ሮችዴልን አይጠብቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው እኛው ነን። ልዩነቱ ዕድራችን ለሐዘን፣ ዕቁባችን ለጥሪት ሲሆን የሸማቾች ማህበር ግን ለዕለት ጉርስ መሆኑ ነው።

ከህብረት ሱቅ እስከ ሸማቾች

በአገራችን ዘመናዊ የህብረት ሥራ ማህበር በሕግ የታወቀው በንጉሡ ዘመን ነው። በ1953 ዓ.ም. የእርሻ ሠራተኞችን የህብረት ሥራ ማህበራት የሚመለከተው ድንጋጌ ቁጥር 44፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የህብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 241 ወጣ። ይሁን እንጂ ማህበሩ ወደ ከተማ ሰው ደጃፍ የመጣው በደርግ ዘመን ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ነዋሪው በቀበሌ እንዲደራጅ አደረገ። ቀበሌውም ሱቅ ከፈተ። በዕድሜ ገፋ ያሉ አንባቢያን የዚያን ዘመን የህብረት ሱቅ ያስታውሱታል። ኩፖን ይዞ መሰለፍ፣ በቤተሰብ ቁጥር የሚመዘን ስኳር፣ ጨውና ሳሙና፣ አንዳንዴም ጤፍ።

በዚያ ሱቅ እህሉ ርካሽ ነበር። ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ግን ብዙዎቻችን አንጠይቅም ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚባለው የመንግሥት ድርጅት ገበሬው በተመደበለት ኮታ መሠረት እህሉን ከገበያው ባነሰ ዋጋ እንዲያስረክብ ያስገድደው ነበር። ምርት የጎደለበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ኮታውን የሞላበት ጊዜም ነበር። ማለትም ከተሜው በርካሽ የበላው ገበሬው በግድ በከፈለለት ገንዘብ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታው ቀረ። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ብዙዎቹ የቀበሌ ሱቆች ከሰሙ። "ህብረት ሥራ" የሚለው ቃል ራሱ በገበሬውም በከተሜውም ጆሮ መጥፎ ስም ይዞ ቀረ።

ስሙን እንደገና ያነሳው በታህሣሥ 1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ነው። ይህ አዋጅ ማህበራት በአባላት ፈቃድ እንዲመሠረቱ፣ በአባላት እንዲመሩ፣ እንዲነግዱና እንዲያተርፉም ደነገገ። በ1994 ዓ.ም. የፌዴራል ህብረት ሥራ ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ ዛሬ ኮሚሽን ሆኗል። አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። እናቴ ደረሰኟን የተቀበለችው በዚህ አዲሱ ዘመን ነው። ተገድዳ አልነበረም፤ ፈልጋ ነበር።

ሰልፉ ተመልሶ መጣ

ታዲያ በፈቃድ የተመሠረተው ማህበር እንዴት ተመልሶ የሰልፍ መስኮት ሆነ? ምክንያቱ የኑሮ ውድነት ነው።

በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በዓለምም በአገራችንም ሲተኮስ መንግሥት ከውጭ ያስገባውን ስንዴ ለአዲስ አበባ ዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች በቅናሽ ማቅረብ ጀመረ። በ2003 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ጣሪያው ከጥቂት ወራት በኋላ ከአብዛኞቹ ላይ ቢነሳም፣ ስኳርና የምግብ ዘይት በተተመነ ዋጋ በሸማቾች ማህበራት በኩል መከፋፈላቸው ለዓመታት ቀጠለ። ማህበራቱ በየወረዳው ስለነበሩ ለማከፋፈያነት የተመቹ ሆነው ተገኙ።

ይህ ለብዙ ድሃ ቤተሰብ እፎይታ እንደነበር አልክድም። እናቴም በዚያ ስኳር ሻይ አፍልታ አጠጥታናለች። ነገር ግን ማህበሩን ሳይታወቅ ለወጠው። ስኳሩን አባልም አባል ያልሆነም እኩል ስለሚያገኘው አባል መሆን ትርጉም አጣ። የሱቁ ሥራ ኮታ መቀበልና ማደል ሲሆን ሠራተኛው የሚጠብቀው ከላይ የሚመጣ መኪና ሆነ። ገበሬ ፍለጋ የሚወጣ ጠፋ። ስኳር ሲገባ ሰልፍ፣ ስኳር ሲጠፋ ዝምታ። ያ ወጣት ገና ሲያየኝ "ስኳር አልገባም" ማለቱ የእሱ ጥፋት አይደለም፤ ለዓመታት ወደዚያ መስኮት የሄድነው ሌላ ነገር ጠይቀን ስለማናውቅ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕጉን ሳነብ ያስገረመኝ ሱቁ ምን ያህል የእኛ መሆኑ ነው። ዋና ዋናውን ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ አባል የሚሆን ሰው መመዝገቢያ ከፍሎ ቢያንስ የተወሰነ እጣ ይገዛል። አንድ አባል ከጠቅላላው የእጣ ገንዘብ ከአሥር በመቶ በላይ መያዝ አይችልም። ሀብታም ገብቶ ማህበሩን እንዳይጠቀልለው ነው።

ሁለተኛ፣ እጣው ምንም ያህል ቢሆን ድምፅ አንድ ነው። የማህበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባዔው ነው። ሥራ አመራር ኮሚቴውን የሚመርጠውም የሚሽረውም ጉባዔው ሲሆን፣ ኮሚቴውን የሚከታተል ቁጥጥር ኮሚቴም ለብቻው ይመረጣል። ሒሳቡም በየዓመቱ ይመረመራል፤ ውጤቱ ለጉባዔው ይቀርባል።

ሦስተኛ፣ ከተጣራው ትርፍ ሠላሳ በመቶው በመጠባበቂያነት ይቀመጣል። የቀረው ጉባዔው በሚወስነውና በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ለሥራ ማስፋፊያ ይውላል፣ ለአባላትም ይከፋፈላል። ይህ የመጠባበቂያ ገንዘብ ነገር ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ግን የማህበሩ ጉልበት ያለበት ቦታ ነው። ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

አራተኛ፣ አባል ሲሞት እጣው አብሮ አይቀበርም። አባል ለሆነ ወይም አባል መሆን ለሚፈልግ ወራሽ ይተላለፋል፤ ወራሹ ካልፈለገ የእጣው ዋጋ ይከፈለዋል። ከዕድር ደብተር ውስጥ የወጣችው ወረቀት እንግዲህ እህቴ እንዳለችው የማትረባ አልነበረችም።

በዚህ ላይ መሠረታዊ ማህበራት ተሰባስበው ዩኒየን፣ ዩኒየኖች ደግሞ ፌዴሬሽን ማቋቋም ይችላሉ። ገበሬውም በተመሳሳይ ሕግ በራሱ በኩል ተደራጅቷል። ሞጆና አዳማ አካባቢ ሉሜ አዳማ፣ ጎጃም ውስጥ መርከብ፣ በመቂና በባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች የሆኑት መቂ ባቱ፣ በወተት ደግሞ ሰላሌ፣ ሁሉም የገበሬ ዩኒየኖች ናቸው። እንግዲህ በአንድ ሕግ የሚተዳደሩ ሁለት ማህበራት አሉ ማለት ነው፤ አንዱ የሚያመርተው፣ ሌላው የሚበላው። ጥያቄው በመካከላቸው ያለውን መንገድ ማን ይጠርጋል የሚለው ነው።

በጥር ተገዝቶ በነሐሴ የሚበላ ጤፍ

በዚህ ነገር ላይ ሁላችንም የምንሰጠው ፈጣን መልስ "ደላላው ነው የበላን" የሚል ነው። እኔም እንደዚያ አምን ነበር። ሆኖም ከእርሻው እስከ አዲስ አበባ የሚጓዘውን ጤፍ ተከታትለው የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ያደረጉትና በ2008 ዓ.ም. የታተመ ጥናት የተለየ ነገር ያሳያል። ሸማቹ ከሚከፍለው የመጨረሻ ዋጋ አብዛኛው የሚደርሰው ለገበሬው ሲሆን፣ በመሃል ያሉት ነጋዴዎች ቁጥርም እኛ እንደምንገምተው የበዛ አይደለም። ስለዚህ አንድ የሸማቾች ማህበር ደላላውን ስለዘለለ ብቻ ጤፍን በግማሽ ዋጋ ያቀርባል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው።

ታዲያ ማህበሩ የት ላይ ይጠቅማል? ዋናው ጊዜው ላይ ነው። ጤፍ በኅዳርና በታህሣሥ ይታጨዳል፤ ተወቅቶ ገበያ የሚገባው እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ገበሬው በዚያን ወቅት የማዳበሪያ ዕዳ፣ ግብር፣ የልጆች ሠርግ ተደራርቦበት እህሉን ያወጣል፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ክረምት ሲገባ፣ በተለይ እስከ ነሐሴና መስከረም፣ የገበሬው ጎተራ ይሟጠጣል፤ ዋጋው ይወጣል። በጥር የሚገዛ ገንዘብና በነሐሴ የሚሸጥበት መጋዘን ያለው ሰው ልዩነቱን ያገኛል። ዛሬ ያ ሰው ነጋዴው ነው። የሸማቾች ማህበር ገንዘብና መጋዘን ቢኖረው ልዩነቱ የአባላቱ ይሆን ነበር። ለገበሬውም ቢሆን በዝቅተኛው ወቅት አንድ ተጨማሪ ገዢ፣ ያውም ትክክለኛ ሚዛን ያለው ገዢ መጣለት ማለት ነው።

ምን ያህል ገንዘብ? በምሳሌ እንየው። አንድ ሺህ አባላት ያሉት ማህበር እያንዳንዱ አባል 1,000 ብር ቢያዋጣ አንድ ሚሊዮን ብር ይሆናል። ለሒሳቡ እንዲመቸን ኩንታሉን 10,000 ብር ብንለው መቶ ኩንታል ይገዛል። አንድ ቤተሰብ በወር ግማሽ ኩንታል ቢፈጅ፣ አንድ ሺህ ቤተሰብ በወር አምስት መቶ ኩንታል ያስፈልገዋል። መቶው ኩንታል እንግዲህ ለአንድ ሳምንት እንኳን አይበቃም። አባላት እጣቸውን ከፍለው ለዘላለም ከረሱት፣ ትርፍ በተገኘ ቁጥርም "ይከፋፈል" ብቻ ካሉ ማህበሩ ከዚያች ሳምንት አይወጣም። የመጠባበቂያው ሠላሳ በመቶ ትርጉም እዚህ ላይ ነው። የዛሬ ዓመት ትርፍ የከርሞ ጥር ጤፍ መግዣ ነው። ገንዘቡ በየዓመቱ እየተጠራቀመ ካልሄደ ማህበሩ ሁልጊዜ በክረምት በውድ ገዝቶ በውድ የሚሸጥ ሌላ ሱቅ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ጥሬ ገንዘብ ነው። ገበሬው ለነጋዴው የሚሸጥለት ወዶት አይደለም፤ እዚያው ቆጥሮ ስለሚሰጠው ነው። የሸማቾች ማህበር በዱቤ ወስዶ ክፍያውን ለሁለትና ለሦስት ወር ካዘገየው ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ፊቱን ያዞራል፤ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። "ገበሬውን እንደግፍ" ማለት ለገበሬው በቀኑ መክፈል ማለት ነው። ከዚያ ያለፈው ወሬ ነው።

አትክልት ላይ ነገሩ ይለያል። ቲማቲምና ሽንኩርት እንደ ጤፍ አይቀመጥም። ከመቂ የተጫነ ቲማቲም በየደረሰበት ሲገለበጥና ሲጫን እየተጨፈለቀ ይመጣል፤ የተበላሸውን ዋጋ የምንከፍለው እኛው ነን። እዚህ ላይ ማህበሩ የሚጠቅመው መንገዱን በማሳጠር ነው። ሰኞ ስንት ሳጥን እንደሚፈልግ ቀድሞ ያወቀ ሱቅ ያንኑ ያህል አስጭኖ በዕለቱ ይሸጣል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በከተማዋ የተስፋፉት የቅዳሜና እሁድ ገበያዎች የሚያሳዩትም ይህንኑ ነው፤ አምራቹና በላተኛው አንድ ቦታ ሲገናኙ ብዙ ነገር ይቀላል። ገበያው ግን ቅዳሜና እሁድ ነው፤ እኛ የምንበላው ሰባቱንም ቀን ነው።

ሦስተኛው ጥቅም እምነት ነው። በርበሬ ከጡብ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝ፣ እንጀራ ከጀሶ ተቀላቀለ ሲባል ሰምተን የደነገጥነው ስንቴ ነው? በራሱ ሱቅ በራሱ ሚዛን የሚሸጥ ሰው ለራሱ ልጅ ጡብ አይፈጭም። ሮችዴሎች በ1844 የተነሱት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ

ይህ ሁሉ ስለ እህል ነው። ይሁንና ኩሽና በእህል ብቻ አይሠራም። በልደታ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች በኤሌክትሪክ እንጋግራለን፤ የምጣዳችን ገበታ ግን ያው ሸክላ ነው። ሲሰነጠቅ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ፤ ታክሲ ተሳፍረን መርካቶ ገብተን፣ ያልታወቀ ሰው የሠራውን ምጣድ ተከራክረን ገዝተን፣ በጉልበታችን አቅፈን እንመለሳለን። ሸክላውን የሠራችው ሴት ቀጨኔ ልትሆን ትችላለች። እሷም በበኩሏ ለማን እንደሸጠች አታውቅም።

የሽሮ ሜዳውም ሸማኔ እንደዚሁ ነው። ድርና ማጉን በችርቻሮ በውድ ይገዛል፤ ጋቢውን ደግሞ ለበዓል ዋዜማ ገዢ እየጠበቀ ይሸጣል። በማሽን ታትሞ ከውጭ የሚገባው የሐበሻ ልብስ ዋጋውን ሰብሮበታል። በደርግ ዘመን ሸማኔዎች በማህበር ተደራጅተው ክር በተወሰነ ዋጋ የሚያገኙበት ጊዜ ነበር፤ ያም እንደ ህብረት ሱቁ ከዘመኑ ጋር አለፈ።

ሕጉ ለእደ ጥበብ ባለሙያዎችም ማህበር ይፈቅዳል። የሸማቾች ሱቅም ከስኳር ማዳበሪያው አጠገብ አንድ መደርደሪያ ለምጣድ፣ ለጀበናና ለሰፌድ ቢሰጥ የሚከለክለው የለም። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ አባላት ቀድመው ተመዝግበው ጋቢ ቢያዝዙ ሸማኔው ክሩን የሚገዛበት ቀብድ ያገኛል፤ ገዢውም ልብሱን ማን እንደሠራው ያውቃል። ይህ ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። አንድ መደርደሪያና አንድ የመመዝገቢያ ደብተር ነው።

የፈረሰ ሰፈር፣ የተበተነ አባል

በልደታ ግን አንድ የተለየ ችግር አለ። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያንና በፍርድ ቤቱ ዙሪያ የነበረው መንደር ፈርሶ በኮንዶሚኒየምና በፎቅ ተተክቷል። ቀበሌው ወረዳ ሆነ። ባቡሩም በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። ጎረቤቶቻችን ከፊሉ ጀሞ፣ ከፊሉ ገላን፣ ከፊሉ ወዳላወቅነው ቦታ ሄዱ። የዕድር ገንዘባቸውን አስልተው የተቀበሉ አሉ። የሸማቾች እጣቸውን ግን ያስታወሰ ማን ነው?

መዝገቡን ያወረዱልኝ አዛውንት ገጹን ሲገልጡ ስሞቹን አየኋቸው። በልጅነቴ ደጃፋቸው ላይ ኳስ የተጫወትኩባቸው ሰዎች ናቸው። ገሚሶቹ አርፈዋል። በአንጻሩ ዛሬ በእነዚያ ፎቆች የሚኖረው አዲሱ ነዋሪ የማህበሩ አባል አይደለም፤ አባል መሆን እንደሚችልም አልተነገረውም። ስለዚህ ማህበሩ አለ፣ መዝገቡም አለ፤ የሚበላው ሰውና መዝገቡ ላይ ያለው ሰው ግን ተለያይተዋል። ጉባዔ ሲጠራ ቢሮው ያስቀመጠው ወንበር የማይሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ጉባዔው ካልሞላ ኮሚቴውን የሚጠይቅ የለም፤ ጠያቂ ከሌለ ደግሞ ደግ ኮሚቴም ይሰለቻል፣ ክፉ ኮሚቴም ይመቸዋል።

ከዕድር እንማር

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በዕድራችሁ ቀብር ሳትገኙ ብትቀሩ ምን ይሆናል? ትቀጣላችሁ። የዕድሩ ዳኛ ሒሳብ ቢያጎድልስ? በዚያው እሁድ ይጠየቃል። ድንኳኑ ስንት፣ ወንበሩ ስንት፣ ብረት ድስቱ ስንት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ማንም ግን "ዕድሩ የመንግሥት ነው" ብሎ አያውቅም።

ለሙታናችን ያለንን ይህን ንቃት ለምግባችን ብናውለው "ሸማቾች" ሌላ ይሆን ነበር። ከዚህ የተነሳ እኔ የምለው ጥቂት ነው። እጣ ያላችሁ ደረሰኛችሁን ፈልጉ፣ ስማችሁን ከመዝገብ አመሳክሩ። ወላጆቻችሁ አባል ከነበሩ እጣቸውን አስተላልፉ። አባል ያልሆናችሁ ተመዝገቡ። የዘንድሮ የሒሳብ ምርመራ ውጤት የት እንዳለ ጠይቁ። ጉባዔ ሲጠራ ተገኙ፣ ተገኝታችሁም ሁለት ጥያቄ አንሱ፤ "ለመጪው ጥር ስንት ኩንታል ጤፍ የምንገዛበት ገንዘብ አለን? ከየትኛው የገበሬ ማህበር ጋርስ ተነጋግራችኋል?" ኮሚቴውም በበኩሉ አዲሱን ነዋሪ ከፎቁ እስኪወርድ አይጠብቅ፤ በየብሎኩ መግቢያ አንድ ማስታወቂያ ይለጥፍ።

በ2015 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ጤፍ በየመንገዱ ሲስተጓጎልና ዋጋው ሲያሻቅብ ሁላችንም ወደ መንግሥት አንጋጠን ነበር። መንግሥት የሚሠራው የራሱ ሥራ አለው፤ መንገድ ማስከፈትም የእሱ ነው። ጎተራ መሙላት ግን የባለቤቱ ሥራ ነው። የሸምቶ አደር ጎተራው ማህበሩ ነው፤ ባለቤቱም እኛ ነን።

ባለፈው ወር የእናቴ እጣ በስሜ ተዛወረ። ጥቂት ብር ጨምሬ አዲስ ደረሰኝ ተሰጠኝ። አዛውንቱ ማህተሙን እየመቱ "ጉባዔ ስንጠራ ትመጣለህ?" አሉኝ። እመጣለሁ አልኳቸው። ደረሰኟን የት እንዳስቀመጥኳት መገመት አያዳግታችሁም፤ ዕድር ደብተሬ ውስጥ ናት።